በሕክምና ምርምር ለሚሳተፉ ሰዎች የሚሰጥ ክፍያ፡ ሥነ ምግባራዊ መሠረቱና የተሳታፊው መብት

የሕክምና ምርምር የአዳዲስ መድኃኒቶች፣ ክትባቶችና የሕክምና ዘዴዎች ደኅንነትና ፈዋሽነት በሰዎች ተሳትፎ የሚረጋገጥበት ሳይንሳዊ ሂደት ነው። ተሳታፊው ለዚህ ሂደት ጊዜውንና ጉልበቱን፣ ብዙ ጊዜም የደም ወይም ሌላ ናሙና ይሰጣል። ለዚህ አስተዋጽኦው ገንዘብ ሊከፈለው ይገባል ወይ? ይገባል ከተባለስ ምን ያህል? እነዚህ ጥያቄዎች በምርምር ሥነ ምግባር ውስጥ ዋና ቦታ አላቸው። ይህ ጽሑፍ የክፍያውን ዓይነቶች፣ ሊታለፍ የማይገባውን ወሰንና የተሳታፊውን መብት በምዕራብ ሸዋ ዞን ከሚታየው የኑሮ ሁኔታ ጋር በማገናዘብ ያብራራል።

የክፍያ ዓይነቶች

በአንድ ጥናት ውስጥ ለተሳታፊ የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓላማቸው የሚለያይ አራት ዓይነት ክፍያዎች አሉ።

• የወጪ መተኪያ፡ ተሳታፊው ለትራንስፖርት፣ ለምግብ ወይም ለማደሪያ ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስ ነው።
• የጊዜና የድካም ማካካሻ፡ ተሳታፊው ከሥራው በመቅረቱ ያጣውን የቀን ገቢና የደረሰበትን እንግልት የሚያካክስ ነው።
• ማበረታቻ፡ ሰዎች በጥናቱ ለመሳተፍ እንዲነሣሡ ታስቦ ከወጪውና ከማካካሻው በላይ የሚሰጥ ነው።
• የጉዳት ካሳ፡ በጥናቱ ምክንያት የጤና ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሚከፈል ሲሆን፣ ከነፃ ሕክምና ጋር የሚሰጥ መብት እንጂ የተሳትፎ ዋጋ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሳታፊውን ከኪሳራ የሚጠብቁ በመሆናቸው ሰፊ ተቀባይነት አላቸው። አከራካሪው ሦስተኛው ነው።

ከአምቦ ርቀው ለሚኖሩ ተሳታፊዎች

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በነቀምት መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በዚሁ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ሲሆኑ ነዋሪዎቻቸው ተሽከርካሪ በቀላሉ ሊያገኙ ይችላሉ። ከጀልዱ ወይም ከሚዳቀኝ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚነሣ ሰው ግን አስቀድሞ በእግር ወይም በበቅሎ መንገድ ተጉዞ ነው መኪና የሚያገኘው።

ለምሳሌ አምቦ በሚገኝ ሆስፒታል በሚካሄድ ጥናት ውስጥ በየወሩ ለክትትል መቅረብ ያለባትን ገበሬ እናስብ። የምትከፍለው የመሳፈሪያ ዋጋ ብቻ አይደለም። በአጨዳ ወቅት ከሆነ የቀን ሥራዋ ይስተጓጎላል፤ በደቦ ተራዋን ታጣለች፤ ከብቶቿንና ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ትሰጣለች። ተመራማሪው የመሳፈሪያውን ብቻ ቢመልስ ቀሪውን ወጪ የሸፈነችው እርሷ ናት። ምንም ካልተከፈላት ደግሞ ከሁሉም የደኸየችው ሴት ለምርምሩ ገንዘብ ያዋጣች ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ «ክፍያ ሥነ ምግባርን ያጎድፋል» በሚል ስሌት ማካካሻን መከልከል ራሱ ኢፍትሐዊነትን ያስከትላል።

መጠኑ ሲበዛ የሚከተለው አደጋ

በአንጻሩ ክፍያው ከተሳታፊው ገቢ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ ከሆነ የውሳኔ ነፃነቱን ይጋፋል። ችግር ላይ ያለ ሰው የጥናቱን አደጋ ሳይመዝን ሊፈርም ይችላል። ከጥናቱ ላለመውጣት ሲል ያለበትን በሽታ ወይም የሚወስደውን መድኃኒት ሊደብቅ፣ የጎንዮሽ ጉዳት ሲሰማው ሳይናገር ሊቀር፣ በአንድ ጊዜም በሁለት ጥናቶች ሊመዘገብ ይችላል። ይህ የራሱን ሕይወት ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ የጥናቱን ውጤት ያዛባል፤ የተዛባው ውጤት ደግሞ ነገ መድኃኒቱን የሚወስዱትን ሰዎች ይጎዳል።

በታሪክ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1900 በኩባ በዋልተር ሪድ መሪነት በተካሄደው የቢጫ ወባ ጥናት ለተሳታፊዎች 100 የወርቅ ዶላር ተከፍሏል፤ በበሽታው ለተያዘ ሰው ደግሞ ተጨማሪ 100 ዶላር ይሰጥ ነበር። ጥናቱ የተሳታፊዎችን ስምምነት በጽሑፍ በማስፈሩ በቀዳሚነት ይወሳል። ሆኖም ተጨማሪው ገንዘብ ከመታመም ጋር መያያዙ በዛሬው ሚዛን ተቀባይነት የለውም። ክፍያ ለጊዜና ለድካም ይሰጣል እንጂ ለአደጋ መጋለጥ ዋጋ ሊሆን አይገባም።

ዓለም አቀፍና ሀገር አቀፍ መርሆዎች

እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌ የተሳታፊውን ነፃ ፈቃድ የምርምር ሁሉ መሠረት አድርጎ አስቀምጧል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያጸደቀውና በ2024 ያሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም ይህንኑ መርሕ አጽንቶ ይዟል። የሕክምና ሳይንስ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ስለ ክፍያ በተለይ ይደነግጋል። በዚህ መመሪያ መሠረት፡

• የተሳታፊው ቀጥተኛ ወጪ ይተካል፤ ጊዜውና እንግልቱም በተገቢው መጠን ይካካሳል።
• የክፍያው መጠን በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መጽደቅ አለበት።
• በጤና ምክንያት ከጥናቱ የሚወጣ ተሳታፊ እስከ መጨረሻው እንደተሳተፈ ተቆጥሮ ይከፈለዋል፤ በሌላ ምክንያት የሚያቋርጥ ደግሞ በተሳተፈበት መጠን ይከፈለዋል።
• ልጁ በጥናት እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ወጪው ይመለስለታል እንጂ ስለ ፈቃዱ ገንዘብ አይቀበልም።

በኢትዮጵያ በሰዎች ላይ የሚካሄድ የጤና ምርምር ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለ5ኛ ጊዜ ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ የግምገማውን ሥርዓት ይዘረዝራል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረትም የመድኃኒት ክሊኒካዊ ሙከራ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከገንዘብ ውጭ ያለ ጥቅም

ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ጥናት የሚስበው ገንዘቡ ሳይሆን ነፃ ምርመራና መድኃኒት ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ጋር የተያያዘው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በምዕራብ ሸዋ በሚዳቀኝ ወረዳ በዚህ በሽታ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። እንዲህ ባለ በሽታ ለዓመታት የተሠቃየና ሕክምና ያላገኘ ሰው ጥናቱን ከሕክምና አገልግሎት ለይቶ ላያየው ይችላል። ተመራማሪው ልዩነቱን በግልጽ ማስረዳት ግዴታው ነው።

በምሥራቅ ጎጃም በዚሁ በሽታ ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ 696 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር። ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያውኑ ሲጀምሩ የቀሩት ከ12 ወራት በኋላ እንዲያገኙ ታቅዶ ነበር። ለማነጻጸሪያ የተመደቡት ሰዎችም ከሕክምናው ተጠቃሚ እንዲሆኑ መደረጉ ከገንዘብ ክፍያ በተጨማሪ ሊታሰብ የሚገባውን ፍትሕ ያሳያል። በወላይታ ደግሞ የበሽታውን የዘር መነሻ ለማጥናት ከመጀመሩ በፊት የማኅበረሰቡ ሥጋት በቅድሚያ ተጠይቆ፣ መገለልን መፍራት አንዱ ሆኖ በመገኘቱ የስምምነቱ ሂደት በዚያው መሠረት ተዘጋጅቷል።

በአፈጻጸም ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የክፍያው አሰጣጥ እንደ መጠኑ ሁሉ ጥንቃቄ ይሻል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባቸው እንደ ጊንጪና ጉደር ባሉ ከተሞች፣ የጥናቱ ርዕስ በተጻፈበት የክፍያ መዝገብ ላይ በሰው ፊት ማስፈረም የኤች አይ ቪ ወይም የቲቢ ሕሙማንን ምሥጢር ሊያወጣ ይችላል። ክፍያውን በሙሉ ወደ ጥናቱ መጨረሻ ማሸጋገር ተሳታፊው በፈለገ ጊዜ የመውጣት መብቱን ያስረዋል፤ በየቀጠሮው መክፈል የተሻለ ነው። ተሳታፊ ለሚያመጡ የቀበሌ ሰዎች ወይም የጤና ሠራተኞች በሰው ቁጥር መክፈልም ለግፊት በር ይከፍታል። የስምምነት ቅጹ ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ፣ በምዕራብ ሸዋ ለአብዛኛው ነዋሪ በአፋን ኦሮሞ፣ መቅረብ አለበት፤ ማንበብ ለማይችልም ምስክር ባለበት ሊነበብለት ይገባል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? ቅሬታ ቢኖረኝ ማንን ላነጋግር?
2. የሚሰጠኝ ገንዘብ ለምንድን ነው? መቼስ ይከፈለኛል?
3. በመሐል ባቋርጥ ምን ይከፈለኛል? መደበኛ ሕክምናዬስ ይቀጥላል?
4. በጥናቱ ምክንያት ብታመም የሚያሳክመኝ ማነው?
5. ጥናቱ ሲያበቃ ውጤቱና የሚጠቅመው መድኃኒት ለእኛ ይደርሰናል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ያላገኘ ሰው ያለመፈረም ሙሉ መብት አለው። ባለመፈረሙ ምክንያት ከጤና ተቋሙ የሚያገኘው መደበኛ አገልግሎት ሊቀነስበት ወይም ሊቋረጥበት አይችልም። ተገቢ ክፍያ የሚባለውም ተሳታፊውን ለኪሳራ የማይዳርግ፣ «አልፈልግም» ለማለትም የማያስቸግረው ክፍያ ነው።