ሐላል ገንዘብ ያጠረው ግንብ

ያረጀ ቤትን በጥቂት ገንዘብ የማደስ ችግር በእኛ አልተጀመረም፤ ከዕባም በዚሁ አልፏል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) 35 ዓመት ሲሆናቸው፣ በ605 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከዕባ ጣሪያ የሌለው፣ ግድግዳውንም ጎርፍ የሰነጠቀው ቤት ነበር። ቁረይሾች ሊያድሱት ተነሡ፤ የወለድ፣ የዝሙትና የግፍ ገንዘብ እንዳይገባበትም ተስማሙ። እንጨቱን በቀይ ባሕር ዳርቻ ከተሰበረች መርከብ ገዙ፤ ባቁም የተባለ አናጢም ሠራላቸው። ግንቡ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ ወጣ። ባቁም ሮማዊ ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ አሠራሩ የአክሱምን ስለሚመስል ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም ያሉ የታሪክ ምሁራን አሉ።

ሐላሉ ገንዘብ ግን አልበቃም። ሐራም ከመጨመር ቤቱን ማሳጠር መረጡ። ከሒጅር ስድስት ክንድ ያህሉ ከግንቡ ውጭ የቀረው ስለዚህ ነው፤ ጠዋፍ አድራጊም እስከ ዛሬ ሒጅርን በውጭ በኩል ይዞረዋል።

እነዚያ ገና ቁርኣን ያልወረደላቸው ሰዎች ነበሩ። እናንተም ለመስጊዳችን እድሳት እጃችሁን ስትዘረጉ፣ ብሩ ከየት እንደመጣ አስቀድማችሁ መርምሩ። ገንዘቡ ካልበቃ ግንቡ ይጠር። አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ አሚን።