«ባዶ» ተብሎ የተጻፈው ሣጥን



ብዙዎቻችን ወደዚህች አገር የገባነው በአውሮፕላን ነው። አብራሪው ግን ከበስተኋላው ምን እንደተጫነ በዓይኑ አያይም። የሚያውቀው የምድር ሠራተኞች በሚሰጡት ወረቀት ነው። ሐይፋ የወደብና የፋብሪካ ከተማ እንደመሆኗ ከመካከላችን ዕቃ በመጫንና በማውረድ የሚተዳደሩ ስላሉ፣ የዚህን ወረቀት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት፣ አደገኛ ዕቃ ሲጫን ዋናው አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ መጠንና የተቀመጠበትን ቦታ በጽሑፍ ማወቅ አለበት። እሳት ቢነሣ የሚወስደው እርምጃ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ደንብ ብቻውን አያድንም። ሜይ 11 ቀን 1996 በአሜሪካ አገር፣ ማያሚ ከተማ፣ ቫሉጄት በተባለ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ 5 ሣጥን ተጫነ። በውስጡ ከሌሎች አውሮፕላኖች የተነቀሉ፣ ሲቀሰቀሱ በኃይል የሚግሉ የኦክስጅን ማመንጫዎች ነበሩ። የመከላከያ ክዳናቸው ሳይገጠም ተገጥሟል ተብሎ ተፈረመ። የተንጠለጠለባቸው አረንጓዴ ካርድ ዕቃው ባዶ ነው ማለት አልነበረም፤ የመጋዘን ሠራተኛው ግን ባዶ መሰለው። በመላኪያ ወረቀቱም ላይ «ባዶ» ተብሎ ተጻፈ።

ጫኚውና ረዳት አብራሪው ወረቀቱን አብረው አዩት። ሣጥኖቹ የት እንደሚቀመጡ ተነጋገሩ እንጂ ምንነታቸውን አልተጠያየቁም። አየር መንገዱ አደገኛ ዕቃ እንዲጭን እንኳ አልተፈቀደለትም ነበር። አውሮፕላኑ ተነሥቶ 10 ደቂቃ ያህል እንደበረረ በእሳት ተያይዞ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። 110 ሰዎች አለቁ፤ የተረፈ አንድም የለም።

ወደኛ የቀረበም ታሪክ አለ። ኦክቶበር 4 ቀን 1992 ወደ እስራኤል ይመጣ የነበረ የኤል አል የጭነት አውሮፕላን፣ ሞተሮቹ ተገንጥለው ወድቀውበት፣ አምስተርዳም ላይ ቤይልመር በተባለ ብዙ ስደተኞች በሚኖሩበት ሠፈር ወደቀ። 43 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 39ኙ የሠፈሩ ሰዎች ነበሩ። አደጋውን ያመጣው ጭነቱ አልነበረም። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ምን እንደተጫነ ለዓመታት በቅጡ አልተነገራቸውም። ከጭነቱ መካከል 190 ሊትር ያህል መርዛማ ጋዝ ለመሥራት ሊያገለግል የሚችል ኬሚካል እንደነበረበት የታወቀው በ1998 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሆላንድ ምክር ቤት ጉዳዩን መረመረ። እስከዚያው ድረስ ሕመም የተሰማው ሁሉ ከምን እንደመጣበት ሳያውቅ በሥጋት ኖረ።

እኛስ? በሐይፋ የባሕር ወሽመጥ 12,000 ቶን አሞኒያ የሚይዝ ጋን ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። ነዋሪውና ማዘጋጃ ቤቱ ተሟግተው በ1917 ሳይሆን በዘመናችን፣ በ2017፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲራገፍ ተደርጓል።

አደገኛ ዕቃ በሚጭን መኪና ላይ የሚለጠፈው ባለ 4 አሐዝ ቁጥር የዕቃው ስም ነው፤ ለምሳሌ 1005 አሞኒያ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ተገልብጦ ብታዩ ራቁ፤ ለእሳት አደጋ በ102 ስትደውሉ ቁጥሩን ከሩቅ ካያችሁት ንገሩ።

በሥራ ቦታም ዕብራይስጡ ገና አልገባኝም ብላችሁ በማታውቁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ሣጥኑ ባዶ ነው ሲሏችሁ «ከምን ባዶ?» በሉ። አባቶቻችን መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ብለዋል፤ እዚህ ላይ ግን መጠየቅ ነፍስም ያድናል።