ከዱለስ እስከ ቦሌ፦ የማሙሽ ስንቅ

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ ጉዞ ላውጋችሁ።

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለገና አገር ቤት ልትገባ ቲኬት ቆረጠች። ባሏን ሥራ አልለቀቀውም። "ጋሼ፣ ብቻዬን አልችለውም፤ አብረን እንሂድ" አለችኝና ሄድኩ። አልችለውም ያለችው ልጁን ነው። ማሙሽ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ኪሎው ዐሥራ አንድ። እግሩ አያርፍ፣ እጁ አያርፍ፣ ያገኘው ነገር ሁሉ ወደ አፍ ነው። አፉ ደግሞ አራት ነገር አይችልም፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝና ሰሊጥ። ሆዱን ነፋ አድርጎት የሚያልፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ ወሩ ላይ የእንቁላል ፍርፍር በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር እያለ በአምቡላንስ የተወሰደ ልጅ ነው። ሰውነቱ ምግቡን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል። ሂስታሚን የሚሉትን ነገር ይረጫል፤ ቆዳው ያብጣል፣ ጉሮሮው ይጠባል፣ ሲብስም የደም ግፊቱ ይወርዳል።

ከዱለስ አየር ማረፊያ ቦሌ በቀጥታ ሲበረር ዐሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሥር አትላንቲክ፣ ከዚያ በረሃ። እዚያ ላይ ሆኖ አምቡላንስ ጥራልኝ አይባልም።

ስለዚህ ነገሩ የተጀመረው ከወጥ ቤት ነው። በምን? በበሶ! የነጋዴና የዘማች ስንቅ በነበረው በበሶ። ወተት የለበት፣ እንቁላል የለበት፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግ፣ ቢከርም አይበላሽ። ውሃና ትንሽ ጨው ካገኘ በደቂቃ ይደርሳል። "ከባልትና ቤት ላምጣልሽ?" አልኳት። "ጋሼ፣ እነሱ ገብሱን በሚቆሉበት ምጣድ ለውዝም ይቆሉበታል፤ በሚፈጩበት ወፍጮ ሰሊጥም ይፈጩበታል" አለችኝ። ገብሱን ራሷ ለቀመች፣ ራሷ ቆላች፣ ከካርቶኑ ገና በወጣ የቡና መፍጫ ፈጭታ ሁለቴ ነፋችው። ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ የገብስ ሽታ ሲሸት አደረ።

አየር መንገዱ ለልጅ ምግብ አያቀርብም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያቀርባል። የሕፃን አለ፣ የልጆች አለ፣ ወተት የሌለበት አለ፣ ስንዴ የሌለበት አለ። ብቻ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል፤ 48 ሰዓት የሚጠይቁም አሉ። ችግሩ ወተቱን ያስወገደው ምግብ እንቁላሉን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱን ያስወገደው ደግሞ ሰሊጥ ይነሰነስበታል። አራቱንም አውጥቶ "ንክኪ እንኳ የለበትም" ብሎ የሚፈርም ወጥ ቤት አላገኘችም። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ ለብዙ ሺህ ሰው የሚያበስል ቤት እንዲህ ብሎ ቢፈርም ይልቅ እሱን ነበር የምጠረጥረው።

ስለዚህ ሁሉንም ከቤት ተሸከምን። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ሩዝ በምስር፣ በበረዶ ቦርሳ ውስጥ። የበሰለ ነገር ከቅዝቃዜ ከወጣ ሁለት ሰዓት ካለፈው ለልጅ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ደረቅ ደረቁ፦ በሶው፣ ሙዙ፣ ተመጥኖ በየብልቃጡ የተቀመጠው የአኩሪ አተር ዱቄት ወተት። አውሮፕላን ቢዘገይስ ተብሎ የሁለት ቀን ቀለብ ለአንድ ቀን መንገድ ተያዘ። ማንኪያ ብቻ ስምንት። ለምን ስምንት? ልጅ ማንኪያ ይወረውራላ! ወለል የነካ ማንኪያ ደግሞ ወደዚያ አፍ አይመለስም።

መድኃኒቱ ለብቻው ነው። ኤፒኔፍሪን፣ በራሱ የሚወጋ፣ ከ7.5 እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተሠራ 0.1 ሚሊግራም። ሁለት ነው የሚያዘው፤ አንዱ ካልበቃ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሁለተኛው ይደገማል። ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ከራስ በላይ ያለው መደርደሪያም ላይ አይወጣም። እሷ በወገቧ ታጠቀችው። የሐኪሙ ወረቀትም አብሮ፦ ይህን ካየሽ ጠብቂ፣ ይህን ካየሽ ውጊ የሚል።

ፍተሻው ጋ በሶው ጉድ አፈላ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ የማያሳልፉት ሰዎች የልጅ ወተትና ምግብ ሲሆን አስታውቃችሁ አሳልፉ ይላሉ፤ ለበረዶውም እንደዚያው። ዱቄት ግን ከ350 ሚሊ ሊትር ካለፈ ለብቻው ይታያል። ፈታሹ ቡናማውን ዱቄት አየው፣ እኛን አየን፣ ደግሞ ዱቄቱን አየው። በጨርቅ ጠራርጎ ጨርቁን ማሽን ውስጥ ከተተው። "ቡና ነው?" "ገብስ ነው፤ የልጅ ምግብ።" ክዳኑን ገርበብ አድርጎ አሸተተና "ደስ ይላል" ብሎ መለሰልን። ማሙሽ በዚህ መሀል የፈታሹን ጓንት ሊበላ ነበር።

ልጅ የያዘ ይቅደም ሲባል ገባን። የመብያ ጠረጴዛው ተወለወለ፤ የክንድ ማስደገፊያው፣ የቀበቶው ብረት፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም። ከሌላ ሰው ምግብ በአየር ላይ ከሚመጣው ይልቅ እጅ ነክቶ አፍ የሚያደርሰው ነው የሚያሰጋው። አስተናጋጇ ተነገራት፤ ገባት። "ግን የሰው ምግብ መከልከል አልችልም" አለች። እውነቷን ነው።

እንግዲህ አሁን እማማ ይግቡላችሁ።

እኔ መስኮቱ ጋ፣ የእህቴ ልጅ ልጇን ታቅፋ መካከል፣ መተላለፊያው ጋ ደግሞ አንዲት እናት ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃቸውን አርሰው፣ የልጅ ልጃቸውን አሳድገው የሚመለሱ እናት። ገና ቀበቷቸውን ሳያጠብቁ ማሙሽን ወደዱት። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሲረጋ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤ ቆሎ ነው፣ ገብስ ከሱፍና ከለውዝ ጋር። ማሙሽ እጁን ሰደደ። የእናቱ እጅ ቀደመ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይበላም።"

"ምን አለበት ልጄ? የጾም እኮ ነው! ሰባት አሳድጌያለሁ።"

ክርክር ውስጥ አልገባችም። ስልኳን አወጣችና ያን የዘጠኝ ወሩን ፎቶ አሳየቻቸው። እማማ አማተቡ። ቆሎውን ቋጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና "በእኛ ጊዜ የት ነበረ ይሄ ሁሉ?" አሉ።

ጥያቄውን አትናቁት፤ ብዙ ሐኪም የደከመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንግሊዝ የሚያድጉ የአይሁድ ልጆች የለውዝ አለርጂ እስራኤል ከሚያድጉት ወደ ዐሥር እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። ዘራቸው አንድ፤ ልዩነቱ የእስራኤሎቹ ጥርስ ሳያወጡ ባምባ የሚባለውን የለውዝ ብስኩት መጀመራቸው። ጌዲዮን ላክ የሚባሉ የለንደን ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ይዘው ሞከሩት፤ በ2015 ውጤቱ ሲወጣ ከጨቅላነት ለውዝ የቀመሱት ላይ አለርጂው በ81 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ድሮ "ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንዳታስነኪው" ይባል የነበረው ምክር ተገለበጠ። ግን ይህ አለርጂው ሳይመጣ ነው። ከመጣ በኋላ በቤት ውስጥ "ላለማምደው" ማለት በልጅ ሕይወት መጫወት ነው።

ከዚያ ወዲያ እማማን ብታዩአቸው! ከኋላ ያለው ጎረምሳ ቸኮላት ሊሰጥ ሲንጠራራ "ወዲያ በል! ይሄ ልጅ ሕመም አለበት!" ከፊት ያለች ሴት ብስኩት ስትዘረጋ እጇን መለሱት። አስተናጋጇ ውሃ ስታቀብል "ምን ነው የያዘው?" ብለው ጠየቁ። የእህቴ ልጅ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ትከሻዋን አወረደች።

ምግብ መጣ። እሷ ጭኗ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች። ስኳር ድንቹን በጣቷ ጨፍልቃ አንድ ጉርሻ፣ ሩዙን አንድ ጉርሻ፤ ከአየር መንገዱ ትሪ እፍኝ አየር እንኳ አልወሰደችም። ማንኪያ አንድ ወደቀ፣ ሁለት ወደቀ። ለእማማ የጾም ምግባቸው መጣላቸው። ሰላጣ፣ ዳቦ፣ በሽምብራ የተሠራ ሑሙስ። ሑሙሱን በዳቦ እየጠረጉ በሉ። ማንም ልብ አላለውም። ሑሙስ ደግሞ የተፈጨ ሰሊጥ አለበት።

መብራቱ ደበዘዘ። ልጁ ማንቀላፋት ሲጀምር እማማ ጎንበስ ብለው ጉንጩን ሳሙት። "እደግ የኔ ጌታ።"

ብዙም አልቆየ። ጉንጩ ላይ፣ እዚያው የሳሙት ቦታ ላይ፣ ክብ ቀይ እብጠት ተነሣ።

እኔ ልቤ ወረደ። እሷ ግን ድምፅ አላሰማችም። ሰዓቷን አይታ ወረቀት ላይ ጻፈች። ጉንጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ልብሱን ገልባ ሆዱን አየች፣ ጀርባውን አየች፤ ንጹሕ። ምላሱን አየች። ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ወረቀቱ የሚለውን በቃሏ ታውቀዋለች፦ አንድ ቦታ ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ የታዘዘለትን የአለርጂ ሽሮፕ ስጪና ዓይንሽን አትንቀይ፤ ትውከት ከተጨመረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ሳል ከመጣ፣ ወይም ልጁ ከዛለ ሽሮፕ አትጠብቂ፣ ጭኑ ላይ ውጊ። ሽሮፑ የሚያሳክከውን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮ የሚዘጋውን አያቆምም። አንዱን መርፌ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። አስተናጋጇን ጠርታ በዝግታ ነገረቻት።

ከዚያ ወደ እማማ ዞረች። እኔ ብሆን እተወው ነበር፤ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ። እሷ ነገረቻቸው።

"እማማ፣ የበሉት ምግብ ሰሊጥ ነበረበት። ከከንፈርዎ ነው።"

"እኔ? እኔ እኮ የበላሁት ጾም ነው!" ድምፃቸው ተቆረጠ። ቆየት ብለው "ሰሊጥ ሰው ይገድላል እንዴ?" አሉ።

ይገድላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አንዲት የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ልጃገረድ ከለንደን ወደ ኒስ ስትበር፣ አየር ማረፊያው ላይ ከገዛችው ሳንድዊች ዳቦ ውስጥ የተጋገረው ሰሊጥ ገድሏታል። ሰሊጥ ስለመኖሩ ማሸጊያው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። አባቷ ሁለት መርፌ ወግተዋት አልተረፈችም። በእሷ ስም የሚጠራ ሕግ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። አሜሪካም ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በእሽግ ምግብ ላይ በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ይህን ሁሉ ያን ሌሊት ለእማማ አልነገርናቸውም።

እማማ የእጅ ማጽጃ ጄል አውጥተው እጃቸውን ሊያሹ ሲሉ "ጄል አያወጣውም፣ ሳሙና ነው" አለቻቸው። ተነሥተው መጸዳጃ ቤቱ ጋ ተሰለፉ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ የነጠላቸው ጫፍ ርሶ ነበር። ቁጭ ብለው ዳዊታቸውን ከፈቱ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስክንወርድ ምንም አልቀመሱም።

እብጠቱ ጠቦ ጠቦ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጠፋ። ልጁ ተኛ። እሷ አልተኛችም፤ በየጥቂት ደቂቃው እጇን ደረቱ ላይ ታደርጋለች። ከፍታው ትንፋሹን ያፍነው ይሆን ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አያቱ ሳሎን ውስጥ ቢቀመጥም ያው ነው።

ሊነጋጋ ሲል በሶው ተራው ደረሰ። አስተናጋጇ የሻይ ፍል ውሃ አመጣች፤ ቀዝቅዞ ለብ እስኪል ተጠበቀ። አራተኛዋ ማንኪያ ወጣች። ማሙሽ በሶውን አንድ ቀመሰ፣ ዝም አለ፣ አፉን ከፈተ። ስንወርድ እየዋጠ ስለነበር ጆሮው እንኳ አላስለቀሰውም።

ቦሌ ስንወጣ አያትየው አክስቶቹን አስከትለው ይጠብቃሉ። እልልታው ሊጀመር ሲል ከጎናችን "እንዳትስሙት! መጀመሪያ ታጠቡ!" የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው፤ የራሳቸውን ዘመዶች ከነአበባቸው አቁመው የእኛን ሰዎች ይመክራሉ። አያትየው የማያውቋቸውን ሴት ከላይ እስከ ታች አዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ምን ነካው ልጄን? ገንፎ አገንፍቼ ጠብቄዋለሁ።"

"ቅቤ አለበት እማዬ?"

"እንዴ! ልጅ መቼ ይጾማል?"

"ቅቤ ወተት ነው እማዬ።"

"የተነጠረ እኮ ነው!"

"የተነጠረም ቢሆን።"

"እና ያለ ቅቤ ገንፎ፣ ምኑን ገንፎ ሆነ?"