ጎርፍ አሳላፊ ግንባታ

መሐንዲሶች «ዌት ፍለድፕሩፊንግ» የሚሉትን አሠራር በአማርኛ «ጎርፍ አሳላፊ ግንባታ» ብንለው ሥራው በስሙ ውስጥ ይታያል። ውሃ በታችኛው ክፍል ገብቶ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የሚሠራ ቤት ማለት ነው። ሌላው መንገድ «ጎርፍ ከልካይ» ነው፤ በሩም ግድግዳውም ጠብታ እንዳያስገባ ይደፈናል።

ቤትን ለጎርፍ መክፈት ለምን? አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለውን ግድግዳ ከውጭ ቢደገፈው በሦስት ቶን ክብደት ያህል ይገፋዋል። ውሃው ሁለት ሜትር ሲሞላ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ 12 ቶን ይሆናል። የብሎኬት ግድግዳ ከላይ የሚጫነውን እንዲሸከም እንጂ እንዲህ ያለውን የጎን ግፊት እንዲችል አይሠራም። ውሃው በውስጥም በውጭም እኩል ሲቆም ግን ግፊቱ ይመጣጠናል፤ ግድግዳው ቢርስም አይፈርስም።

የአሜሪካው የአደጋ አስተዳደር ተቋም፣ ፌማ፣ ለዚህ ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ውሃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከሁለት አያንሱም፤ በተለያየ ግድግዳ ላይ ሆነው ግርጌያቸው ከመሬት ከ30 ሳንቲ ሜትር አይርቅም። ውሃ የሚያልፍበት ስፋት ከወለሉ 144 እጅ አንዱን ይይዛል፤ 36 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል ሩብ ካሬ ሜትር ማለት ነው። ጎርፍ ሌሊትም ስለሚመጣ ሰው እስኪከፍታቸው መጠበቅ የለባቸውም። ታችኛው ክፍል ለመኪና፣ ለዕቃ ወይም ለመግቢያ ይውላል፤ ሰው የሚያድረው ፎቅ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ሶኬት ወደ ላይ ይወጣሉ። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ይሆናል፤ ቺፕውድና ጂፕሰም እዚያ ቦታ የላቸውም።

ፎቁና ሶኬቱ የሚሆኑበትን ከፍታ መወሰን ዛሬ ከባድ ሆኗል። ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር አየር የሚይዘው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ዶፉም በዚያው ልክ ይበረታል። ሽማግሌዎች «ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» የሚሉት ምልክት ለልኬት መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይችልም።

ዘዴው የሚያገለግለው ቀስ ብሎ ለሚሞላና ለሚተኛ ውሃ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲርስ ጭቃው ስለሚሟሟ ቀዳዳ ብቻውን አያድነውም። ለደራሽም አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ደጋ የወረደውን ጎርፍ ይዞ ሌሊት ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እንዲህ ባለው ወንዝ መንገድ ላይ የትኛውንም ዓይነት ንድፍ ማጽደቅ ነዋሪውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ከንድፉ በፊት ቦታውን መመርመር አለበት።