ዝሆኑን ብናወፍረው ይበረታል?

ሰንጠረዥ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ሒሳብ መጽሐፋችሁ ላይ ያለው ረድፍና ዓምድ ይሆናል። ቃሉ ግን የጨዋታ ስምም ነው። በፋርስና በዐረቦች በኩል የተስፋፋው የጥንቱ ቼዝ አገራችን ሲገባ ሰንጠረዥ ተባለ፤ ነገሥታቱና መኳንንቱም ለረጅም ዘመን ተጫወቱት። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ዝንጉርጉር አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ተሰምሮ 64 ቤት ይወጣለታል።

ከጠጠሮቹ አንዱ ፊል ነው፤ በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። ፊል በሰያፍ ልክ ሁለት ቤት ይሄዳል፤ መሃል ላይ ሌላ ጠጠር ቢኖርም ይዘለዋል። ጉልበተኛ ይመስላል፣ አይደል? እስቲ ወረቀት ላይ 8 በ8 ሥሩና ከመነሻው ጀምራችሁ የሚደርስባቸውን ቤቶች ቁጠሩ። ከ64ቱ 8 ብቻ ናቸው! ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ስለሚዘል፣ ጎዶሎ ቁጥር ረድፍ ላይ የጀመረ ዝሆን ሙሉ ቁጥር ረድፍ አይረግጥም። ይባስ ብሎ የሁለቱ ወገን አራት ዝሆኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቢዘሉ አይገናኙም። ግማሹን ሰሌዳ ደግሞ አንዳቸውም አያዩትም።

አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ይህን ያስተካከሉት እርምጃውን በማስረዘም ነው። እኔ ግን ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝና እርምጃውን ትቼ አካሉን ብለውጠውስ አልኩ። ዝሆን አይደል? አራት ቤት ይያዝ!

ጫጫ ላይ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ረዱኝ። ከካርቶን 2 በ2 የሆነ ዝሆን ቆርጠን ለየወገኑ አንድ አንድ ሰጠን፤ ማዕዘን ላይ በደር፣ በፈረስና በሁለት መደቅ ምትክ አቆምነው። (ደር ማለት በቀጥታ የሚሄደው ነው፤ መደቅ ደግሞ ወታደሩ።) እንዲህ ያለ ጠጠር ሰሌዳው ላይ ሊቆም የሚችልባቸው ቦታዎች 7 በ7፣ ማለትም 49 ናቸው። የድሮ ዝላዩን ይዞ ከማዕዘን ሲነሣ ግን የሚያርፍባቸው አሁንም 8 ብቻ! በእርግጥ እነዚህ 8 ማረፊያዎች አይደራረቡም፤ 8 ጊዜ 4፣ 32 ቤት። አንዱ ወፍራም ዝሆን የአራቱን ቀጫጭኖች ያህል መሬት ይረግጣል ማለት ነው።

ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ጨዋታው ላይ ግን ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ያወጣነው ሕግ ከአራቱ ቤቶች አንዱ ከተመታ ዝሆኑ ይሞታል የሚል ነበር። ማረፊያው አራት ባዶ ቤት ይፈልጋል፤ የራሱ ወገን መንገድ ይዘጋበታል። አንደኛው ልጅ «ይሄ እኮ ዝሆን አይደለም፣ ዳገት ላይ የቆመ አይሱዙ ነው» አለ። ከዚያ ሁለቴ ካልተመታ አይሞትም፣ ሲያርፍም ከሥሩ ያገኘውን ጠላት ሁሉ ይበላል አልን። የቆሰለውን ለመለየት ቆርኪ ጫንበት። አሁን ደግሞ በአንድ ዝላይ ሦስት ጠጠር እየዋጠ ጨዋታውን ገደለው።

የድሮዎቹ ተጫዋቾች ዘዴ ሌላ ነበር፤ ዝሆኑን ሳይነኩ ክብሩን ለወጡ። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በመደቅ ማት ያደረገ ግን ይደነቃል። ስለዚህ ያ 8 ቤት ብቻ የሚያውቅ ዝሆን እስከ መጨረሻው ይፈለጋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ካርቶን ይሻላል።

ይህን የምናውቀው ጨዋታውን ያዩ ሰዎች ስለጻፉት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ ያኔ ግን ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየጠፋ ሄዶ ነበር። የሚገርመው፣ የሰንጠረዥ አጀማመር ራሱ ስሙ ወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። በዚህ ግርግር ውስጥ ባለ አራት ቤት ዝሆን አስቡት!

መሞከር ከፈለጋችሁ ቀለል ካለው ጀምሩ፤ 1 በ2 የሆነ ጠጠር ሥሩ። በአግድም 56፣ በቁም 56፣ በድምሩ 112 አቋቋም አለው። በአንድ ጫፉ ላይ ቆሞ ከአግድም ወደ ቁም ሲዞር ግን ሌላኛው ጫፍ በሦስተኛ ቤት ላይ ጠርጎ ያልፋል። እዚያ ቤት ጠጠር ካለስ? ይዘለዋል፣ ይበላዋል ወይስ ይቆማል? የጫጫዎቹ ልጆች እስካሁን አልተስማሙም።