የመኖ ምንዛሪ፦ አንድ ኪሎ ዓሣ በስንት ኪሎ መኖ?

ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ፣ ውኃ የማያሰርግ ፕላስቲክ (ጂኦሜምብሬን) አንጥፎ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የለቀቀ ሰው ውሎ ሳያድር የሚያነሳው ጥያቄ ‹‹በቀን ስንት ላብላቸው?›› የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በእፍኝ ይሰፈራል። ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ አንድ እፍኝ ይበተናል፤ ዓሦቹ ተንጋግተው ወደ ላይ ከወጡ ደግሞ ይጨመርላቸዋል። ነገር ግን ዓሣ የሚያበላውን ሰው ለምዶ፣ ጥላውን ባየ ቁጥር ይመጣል። መንጋጋቱ ስለ ልምዱ እንጂ ስለ ረሃቡ ብዙ አይናገርም።

በዓሣ እርባታ ሙያ ለዚህ የተቀመጠ መለኪያ አለ። ፊድ ኮንቨርዥን ሬሾ ይባላል፤ ባለሙያዎች አሳጥረው ኤፍ ሲ አር ይሉታል። በአማርኛ ‹‹የመኖ ምንዛሪ›› ቢባል ይስማማዋል። አንድ ዶላር በስንት ብር ይመነዘራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ አንድ ኪሎ ዓሣ በስንት ኪሎ መኖ ይመነዘራል የሚለውን መረዳት አይከብደውም። ስሌቱም ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ የተሰጠው መኖ ክብደት፣ ዓሦቹ በዚያው ጊዜ ለጨመሩት ክብደት ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ መጠን አርቢው ተጠቅሟል ማለት ነው።

ጥሩ የተቀነባበረ መኖ የሚበላና በደንብ የተያዘ ቆሮሶ ምንዛሪው ብዙውን ጊዜ ከ1.4 እስከ 1.8 ነው። በመኖ የሚደልብ የቀንድ ከብት ግን አንድ ኪሎ ለመጨመር ከ6 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ዓሣ ገላውን ለማሞቅ ጉልበት አያወጣም፤ ክብደቱንም ውኃው ይሸከምለታል። እዚህ ላይ መኖው ደረቅ፣ ዓሣው ደግሞ አብዛኛው አካሉ ውኃ መሆኑ አይዘንጋ።

ታዲያ በቀን ስንት ይሰጠው? መነሻው የዓሣው የራሱ ክብደት ነው። ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን ጫጩት በቀን የክብደቱን 10 በመቶ ያህል ሊበላ ይችላል። 100 ግራም ሲደርስ 3 በመቶ ገደማ ይበቃዋል፤ ከ250 ግራም በላይ የሆነው 2 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ እየበላ ያድጋል።

ለምሳሌ ኩሬው ውስጥ 200 ቆሮሶ አሉ እንበል። አርቢው 20 ወይም 30 ያህሉን በመረብ አውጥቶ፣ ውኃ በያዘና አስቀድሞ በተመዘነ ባልዲ ይመዝናል። አማካዩ 100 ግራም ከሆነ ጠቅላላ ክብደታቸው 20 ኪሎ ነው፤ 3 በመቶው በቀን 600 ግራም፣ በ14 ቀን 8.4 ኪሎ መኖ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አማካዩ 125 ግራም ከደረሰ 5 ኪሎ ተጨምሯል፤ ምንዛሪው 1.68 ነው። የዕለቱ መኖም በአዲሱ ክብደት ልክ ወደ 750 ግራም ከፍ ይላል። ዓሦቹ 114 ግራም ላይ ቀርተው ቢሆን ኖሮ ግን ምንዛሪው 3 ይሆን ነበር። የዚህን ጊዜ መኖ መጨመር ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ዋናው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ መኖ ነው። ያልተበላው ወደ ታች ሰምጦ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይሻማል፣ ከፕሮቲኑም አሞኒያ ይወጣል። በአሞኒያ የተጎዳ ዓሣ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ፍላጎቱ ሲቀንስ የሚተርፈው መኖ ይበዛል፤ ውኃው ይብሱን ይበላሻል። ብዙ የጓሮ ኩሬ የሚበላሸው በዚህ አዙሪት ነው። የሚንሳፈፍ መኖ ከሆነ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ተበልቶ ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነሳል።

ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አድርገው ሲያለከልኩ ማየት ጀማሪውን ወደ አደገኛ ስህተት ይመራዋል። ራባቸው ብሎ መኖ ይበትንላቸዋል። የቸገራቸው ግን አየር ነው። አልጌውም ዓሣውም ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀሙ ስለሚያድሩ፣ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ መልቀቅ እንጂ መኖ መጨመር አይረዳቸውም። መመገቢያው ሰዓት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል።

ሙቀትም ምንዛሪውን ይለውጣል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ መብላቱን ይቀንሳል። በመሆኑም ባቱ ወይም አርባ ምንጭ የሚሠራው መጠን ደጋ ላይ በሐምሌና በነሐሴ አይሠራም።

ብዙዎች የሚጠቀሙት የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። ርካሽ ናቸው፣ ይጠቅማሉም፤ ይሁን እንጂ ገለባነት ስለሚበዛባቸው ምንዛሪያቸው ከተቀነባበረው መኖ ይከፋል። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ወይም አተላ የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚመዝነው በብዛት ውኃ ስለሆነ፣ ስሌቱን በደረቅ ክብደት ማድረግ አለበት።

ስሌቱን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የሞቱ ዓሦች መኖውን በልተዋል፤ ሲመዘን ግን የሉም። ቆሮሶ ደግሞ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ወንድና ሴት አብረው በተለቀቁበት ኩሬ መኖው ሳይታሰብ ለተፈለፈሉት ጫጩቶች ይከፋፈላል። በተቃራኒው ፍግ የገባበት አረንጓዴ ኩሬ ምንዛሪው ከ1 በታች ሊታይ ይችላል፤ ቆሮሶ አልጌ ስለሚበላ ከቀለቡ ከፊሉን ኩሬው ራሱ ችሎታል።

በዓሣ እርባታ ብዙውን ጊዜ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለመኖ ነው። ስለዚህ ጫጩት የሚያሰራጩ የምርምር ማዕከላትና የወረዳ ባለሙያዎች፣ ከጫጩቱ ጋር የዓሣውን ብዛት፣ አማካይ ክብደቱንና የተሰጠውን መኖ መመዝገቢያ አንድ ገጽ ቢሰጡ መልካም ነው። አርቢውም በየሁለት ሳምንቱ ይመዝን፤ የተቀነባበረ መኖ እየሰጠ ምንዛሪው ከ2 ካለፈ መኖውን ቀንሶ ውኃውን ይመርምር።