ጨዋና ጠይብ

ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው «የጨዋ ልጅ ነው» የሚለው ነው። ስለ ጠባይ የተሰጠ ምስክርነት ይመስላል። ቃሉ ግን ከጠባይ አልተነሣም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ ማለት የንጉሥ ጭፍራ ነበር። ወደ ባሌና ወደ ደዋሮ ተልኮ ይሰፍራል፤ የሰፈረበት አገር ገበሬ ያበላዋል። ሲበላ የኖረው ወታደር ስሙ የመልካም ምግባር ስም ሆኖ ቀረ። ሲያበላው የኖረው ባላገር፣ የአገር ባለቤት የተባለው ሰው፣ ስሙ ከተማ ሲገባ መናቂያ ሆነ።

የቤተ ክህነት ሰው እንኳ የራሱ ሚዛን አለው፤ ትምህርት ያልዘለቀውን ሁሉ፣ መኳንንቱንም ጭምር፣ «ጨዋ» ይላል። ይቺ የደብተራ በቀል ትመስለኛለች።

የጠይብ ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ቃሉ ከግእዙ «ጠቢብ» የወጣ ነው። የጌታውን ጦር የሚያሾለው፣ የገበሬውን ማረሻ የሚቀጠቅጠው ጥበበኛ ስሙ ስድብ ሆነ፤ ሲመሽም «ቡዳ» ተባለ። ለቤተ እስራኤል ነገሩ ከርስት ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ይባላል። መሬት ያጣ ሰው ወደ ወናፉና ወደ ሸክላው ዞረ። ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ የንቀቱ ማስረጃ ተደረገ፤ የተናቀ ደግሞ ርስት አይሰጠውም። የሚገርመኝ መኳንንቱ ይህን ማመናቸው አይደለም፤ ጥቅማቸው ነው። ለጌታው አሥራት ከፍሎ ባዶ ጎተራ የሚታቀፈው ገበሬ ግን አንጥረኛውን ሲያይ ልጁን ከነጠላው ሥር ይሸሽግ ነበር።

ይህን ሚዛን ይሰብራሉ ተብለው ሊጠበቁ የሚገባቸው አፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸዋል። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ በገዛ እጃቸው አንሥተዋል፤ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖልን መድፍ አሠርተዋል። ዘውድ ከጫኑ በኋላ ግን ዘራቸውን ከሰሎሞን ቆጠሩ። የኮሶ ሻጭ ልጅም ሊነግሥ ይችላል ለማለት እሳቸውም አልደፈሩም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውን ሳይቀር በሥራው መስደብን ከለከሉ። ስድቡ ስንት ሰው እንደሚነካ ከአዋጁ ይታያል፤ ያለ ነቀፌታ የቀረ ሙያ ጥቂት ነው። ደግሞም ንጉሡ የሚያስፈልጋቸው ጠመንጃ የሚጠግን፣ ቤት የሚሠራ እጅ ነበር። አዋጁ አፍን ከለከለ፤ ርስቱ ግን በነበረበት ቆየ።

ርስቱ የተነካው ደርግ የገጠሩን መሬት በአዋጅ ሲወርስ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ገዢው ሲለወጥ ቃላቱም ተለወጡ፦ «ባላባት» መወንጀያ፣ «ላብ አደር» መከበሪያ፣ «ጌታዬ»ም «ጓድ» ሆነ። «ጨዋ»ን ግን የነካው አልነበረም። በቀን ስለ ላብ አደር ሲሰብክ የዋለው ካድሬ ማታ ልጁን ለመዳር ሲመክር «የማን ልጅ ነው?» ማለቱን አልተወም።